ከስድሳ ሜትር የወጣ አፈር

ልጃችንን በቀበርን በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ሚስቴ አዛለች አፏን ስትከፍት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ልጃችን አልነበረም። ከል የገባ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ መደቡ ጫፍ ተቀምጣለች። እኔ ካልጋው ሥር ከረጢቶቹ ያሉበትን የማካሮኒ ሳጥን ልጎትት ጎንበስ ስል፣ “ያ ገመድ ጉድጓድ የሚገባው ዛሬ ነው?” አለችኝ። ዛሬ ነው አልኳት። ቀጥላም፣ “የሚያየው ድንጋዩን ብቻ ነው ወይስ አፈሩንም ያያል?” አለች። ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በቤቴ ውስጥ ያናገረኝ ሰው ስላልነበረ ደስ አለኝ፤ ደስታ ደግሞ ሰውን ጉረኛ ያደርጋል። ሁሉንም ያያል፣ ምድር ከፈረንጅ የምትደብቀው ነገር የለም አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ሰው እንደዚያ ፊቱን ሲያዞር ምነው ብሎ መጠየቅ ነበር፤ እኔ ግን የማካሮኒ ሳጥኔን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ።

ሰፈራችን ከጎንደር ከተማ ጫፍ፣ አንገረብን ቁልቁል በሚያየው ዳገት ላይ ነው። ሴቶቻችን ውሃ ለመቅዳት አንድ ሰዓት ይወርዳሉ፣ እንስራ አዝለው አንድ ሰዓት ተኩል ይወጣሉ። በበጋ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ሲሆን ከበቅሎና ከልብስ አጣቢ ጋር ይሻማሉ። በአህያ ተጭኖ የሚመጣው ውሃ አንዱ ቆርቆሮ ዐሥራ አምስት ሳንቲም ነው፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ብረት ስገፋ ውዬ የማገኘው አንድ ብር ነው። የሰባት ዓመቷን ሸጋዬን የወሰዳት ተስቦ ከዚያ ኩሬ እንደመጣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነግሮኛል፤ ባይነግረኝም አላጣውም። ስናመለክት ስናመለክት ኖረን በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት የቁፋሮ ማኪና ከፈረንጅ መሐንዲስ ጋር መጣ። ሁለት ጉድጓድ ተቆፈረ፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ ታች ሹማምንቱ በሚኖሩበት፣ ድሮውንም ጣሊያን የዘረጋው ቧንቧ በሚንጠባጠብበት ሰፈር። ጉድጓዱን የሚያለብሰው ብረት ግን የመጣው ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ነው። የኛ ውሃ ካለው፣ ሕዝቡ ብዙ ነውና፣ ብረቱ ለኛ፤ ከሌለው ለእነሱ። ይህን የነገረን የፈረንጁ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው ዳኛው ይባላል፤ ያባቴም የእናቴም ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ስለ ዳኛው ብዙ መናገር አልፈልግም። አባታችን ሲሞት እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ እሱ ገና አልጀመረም። ከሁለታችን አንዳችን መሥራት ነበረብን፤ እኔ ወጣሁ። ጣሊያን ጥሎት በሄደው ጋራዥ ውስጥ ዘይት እየጠረግኩ ደብተሩን፣ ቀለሙን፣ ስምንተኛ ክፍል ሲገባም ጫማውን ገዛሁለት። ለራሴ ጫማ የገዛሁት ከሱ በኋላ በሦስተኛው ዓመት ነው። በሠርጉ ዕለት ከቢሮ ጓደኞቹ ጋር ዳስ ውስጥ ሳይሆን ውጭ ከአህያ ጫኞቹ ጋር አስቀመጠኝ፤ ምግቡ ለሁሉም አንድ ነው አለኝ። አንድ አልነበረም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አያ አድማሴ ይለኝ የነበረው ልጅ ፈረንጅ ቤት ከገባ ወዲህ አቶ አድማሴ ይለኛል። በሸጋዬ ቀብር ዕለትም መጣ፣ አልመጣም አልልም። የመጣባት የፈረንጁ ማኪና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሞተሯ ሳይጠፋ ቆመች፤ ፈረንጁ ውስጥ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል፤ ዳኛው ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ ቆመና አንድ እፍኝ አፈር ሳያለብሳት ተመልሶ ገባ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ቂመኛ ሆኜ አይደለም። እንዲታወቅ ብዬ ነው።

እኔ በጉድጓዱ የተሰጠኝ ሥራ እንዲህ ነበር። መሰርሰሪያው ሁለት ሜትር በወረደ ቁጥር ከጭቃ ውሃው ጋር የሚወጣውን ስብርባሪ በወንፊት አጥቤ፣ ሁለት ሁለት እፍኝ በከረጢት አድርጌ፣ ከስንተኛው ሜትር እንደወጣ በጣውላ ቁራጭ ላይ በኮፒ እርሳስ ጽፌ አስርበታለሁ። ከረጢቶቹ አቡጄዲ ስለሆኑ የቁፋሮው ድንኳን ውስጥ ሳሉ ባዶዎቹን ሌባ ጀመራቸው። ለጉድጓዱ የሚቀርበው የኔ ቤት ነውና የሞሉትን ካልጋዬ ሥር እንዳስቀምጥ ታዘዝኩ። በዕድሜዬ መንግሥት አምኖ የሰጠኝ ነገር ያ ሳጥን ብቻ ነው። አርባ ሁለት ከረጢት። ሸጋዬ ሳትታመም በየማታው የጣውላውን ቁጥር በጣቷ እየነካች ታነብልኝ ነበር። ትምህርት ቤት ደጅ ሳትረግጥ፣ ሁለት ሁለት እየዘለለች እስከ ሰማንያ አራት መቁጠር የቻለች ልጅ ናት።

ጉድጓዱ አፍ ደርሼ ሳጥኑን ሳወርድ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ጉድጓዱ እስከ አፉ ድፍርስ ውሃ ሞልቶታል። ሴቶቹ እሱን አይተው እልል ሊሉ ሲቃጣቸው፣ ያ ውሃ እኛው ራሳችን በቦቴ ከአንገረብ አምጥተን ያፈሰስነው ነው ብዬ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ሽማግሌው አያ ክንዴ፣ “ኧረ ሸጋ ነው! እኛ ያጣነውን ውሃ ለምድር አጠጣችኋት፤ አሁን ደግሞ ስንት አለሽ ብላችሁ በገመድ ልትመረምሯት ነው” አለና ሰዉን አሳቀ። ጉድጓድ የምትገባው መመርመሪያ ብረት ክንድ ተኩል ብትሆን ነው፤ ውስጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለበት ጥቁር ገመድ ጫፍ ላይ ታስራለች። እታች ድረስ ትወርድና ቀስ እያለች ስትወጣ በየደረሰችበት የጉድጓዱን ግድግዳ በኤሌክትሪክ ትነካዋለች፤ እሱ የመለሰላትን ላይ ያለው ብዕር በሚጠቀለል ወረቀት ላይ መስመር አድርጎ ይጽፈዋል። ደረቅ ድንጋይ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ መስመሩ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ውሃ የገባበት ያሳልፋል፤ መስመሩ ወደ ግራ ይመጣል። የገመዱን እጀታ ያዞርኩት እኔ ነኝ። በዝግታ፣ ሳታቋርጥ አዙር ተብዬ፣ በሁዳዴ ባዶ ሆድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ድረስ አዞርኩ።

ከሰማንያ አራት ጀምሮ መስመሩ ቀኙን እንደያዘ ወጣ። ስድሳ አራት ላይ ስንደርስ ብዕሩ ገደል እንደገባ ሰው ወደ ግራ ተወረወረ፤ እስከ ሃምሳ ስምንት እዚያው ቆየና ተመለሰ። ፈረንጁ አፏጨ። የኔም ልብ ዘለለ፤ ምክንያቱም ከዚያ የወጣውን አውቃለሁ። እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ቀላል ጥቁር ጠጠር ነበር፤ በገዛ እጄ ነው ያጠብኩት። ዳኛው ለተሰበሰበው ሰው ተረጎመ። እንዲህ ያለውን መስመር የሚያወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው አለ፤ ወይ ውሃ ያዘለ ጠጠር፣ ወይ ሸክላ አፈር። ሸክላም እርጥበት ስለሚይዝ ኤሌክትሪክ አይከለክልም፤ ውሃውን ግን ለሰው አይለቅም። ገመዱ ሁለቱን መለየት አይችልም፤ የሚለያቸው ከረጢቱ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ ከሃምሳ ስምንት እስከ ስድሳ አራት ያለውን ያምጡ አቶ አድማሴ አለኝ። ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት። ይኸው አሁን ይታያል ብዬ።

አራቱን ከረጢቶች ጠረጴዛው ላይ ፈታኋቸው። የወጣው ቀይ አፈር ነው። የመጀመሪያው ቀይ፣ ሁለተኛውም ቀይ፣ አራቱም ቀይ። ጣውላው ላይ ያለው የኔው ጽሕፈት ነው። ፈረንጁ አፈሩን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና በሁለት ጥፍሩ አንድ ነገር መዝዞ ፀሐይ ላይ ያዘው። የጤፍ ጭድ ነበር። ስድሳ ሜትር ከምድር በታች ጤፍ የሚዘራው ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ዳኛው ተረጎመው፤ አያ ክንዴ እንኳ አልሳቀም። እኔ ጭዱን አወቅሁት። ክረምቱ የሸረሸረውን የቤታችንን ጀርባ ልንመርግበት አቡክተን የተውነው ጭቃ ነው። ሸጋዬ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ እየሳቀች በእግሯ ያቦካችው።

ፈረንጁ አልጮኸም። ከሱ አፍ አምስት ቃል ቢወጣ ከዳኛው አፍ ሃያ ሆኖ ወጣ፤ ቸልተኛ፣ አደራ በላ፣ ለሰፈሩ የማያዝን። ማን ለወጠው ሲሉኝ እኔ ነኝ አልኩ። ለምን ሲሉኝ ተደፍቶብኝ ነው አልኩ። ጥቁር ጠጠር ነበር ብዬ ብምል፣ ትዝታ ወረቀት ላይ አይለጠፍም ተባልኩ። መሰርሰሪያውን የያዘው ሰውም ተጠየቀ፤ ለኔ ሸክላም ጠጠርም ልስልስ ነው፣ ልዩነቱ አይታወቀኝም አለ። በመጨረሻ ፈረንጁ ወረቀቱን ጠቅልሎ ተናገረ፤ ይህን ዳኛው ሳይጨምርበት ነው የተረጎመው። ከዋናው አፈር አንድ ማንኪያ የምታህል እንኳ ካለች ያምጣት፤ እስከ ዐሥር ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ካመጣ ብረቱን ዛሬውኑ እዚህ አስገባለሁ፤ ካላመጣ ካሚዮኑ ቁልቁል ይወርዳል። ሰውየው ፍርድ አላጓደለም። በሱ ላይ የማሳብበው ነገር ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አላገኘሁም።

ቤት ስገባ አዛለች ጠዋት ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። አልጮኽኩባትም። ጭዱን መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋት፤ አየችው፤ ከዚያ ወለሉን እያየች ነገረችኝ። ትኩሳቱ በጠናባት በሦስተኛው ቀን ጠበሉም ከደብሩ ያመጣችው እምነትም አልይዝ ሲላት፣ ካልጋው ሥር ያለው ትዝ አላት። “ከተፈጠረ ጀምሮ ሰው ያልረገጠው አፈር ነው ብዬ” አለች። “ደም ያልፈሰሰበት፣ እንደ እኛ ያላደፈ።” ከረጢቶቹን ሁሉ ፈትታ አየች። ሌላው ስለት ያለው የድንጋይ ፍንካች ነው፤ እነዚያ አራቱ ግን ውሃ ጠብ ሲደረግባቸው ይጠጡ ነበር። እሱን ስትናገር ቀና ብላ አየችኝ፤ ልጄን የሚያድናት ይህ ነው ብዬ ባስብ ትፈርድብኛለህ ወይ እንደማለት። ፈጭታ ደረቷን ቀባቻት፣ በጥብጣ አጠለለችና አጠጣቻት። እኔ እንዳልቀጣ ብላ በከረጢቶቹ ውስጥ የምርጊቱን ጭቃ አድርቃ ሞላችበት። የቀረውስ አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። “በጨርቅ ቋጥሬ አንገቷ ላይ አሰርኩላት” አለች። “አብሯት ነው ያለው።”

ፈረንጁ ያለውን ነገርኳት። አንዲት ማንኪያ፣ እስከ ዐሥር ሰዓት። ቤታችን ጠባብ ናት፤ ሦስት ብር የምንከራያት፣ ጣሪያዋ በፀሐይ የሚንጣጣ፤ ያን ጊዜ ከጣሪያው በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ከጎረቤት ግድግዳ ወዲያ የለተ ማርያም ትንሹ ልጅ ሲያስል ሰማን፤ ሁለታችንም ሰማን። አዛለች ተነሥታ ከበሩ ኋላ ዶማውን አመጣችና እግሬ ሥር አጋደመችው። “እኔ አልይዝህም። የሌላ እናት ልጅ እንዳይሞት ከሆነ ሂድ” አለችኝ። ከደጃፉ ስወጣ፣ “ብቻ ፊቷን እንዳታይ” አለች።

የደብራችን ቄስ መምሬ ሐብተ ማርያም ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወይራው ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው የቅዳሴ ሰዓት ይጠብቃሉ። ዶማውን አይተው ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። መቃብር መግለጥ ያለ ቤተ ክህነት ፈቃድ አይቻልም፣ ደብዳቤው ደግሞ ከፋሲካ በፊት አይመለስም አሉኝ። ሰዉ ወደ ቅዳሴ መግባት ሲጀምር ወደኔ ጠጋ ብለው፣ “እኔ መቅደስ እገባለሁ፤ ሰዉም ይገባል። ስወጣ የማየውን እግዜር ያሳየኛል” አሉና ሄዱ። ያ ከአንድ ቄስ የሚገኘው ፈቃድ ሁሉ ነው። ሰው እኔን ሲረዳ ፊቱን አዙሮ ነው፤ እሱም ቢሆን መረዳት ነው።

የሸጋዬ መቃብር ከሁለት ክንድ ብዙም አይበልጥም። አፈሩ ገና አልጠነከረም፤ ላዩ ላይ ጅብ እንዳይቆፍር ያደረግነው የድንጋይ ክምር አለ። ነጠላዬን አውልቄ አስቀመጥኩና ድንጋዮቹን ማንሣት ጀመርኩ። አንዱን አነሣሁ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከቤተ ክርስቲያኑ የቅዳሴው ዜማ ይሰማል። ላወጣው ነበር፤ ይህን እንዲያምነኝ የምፈልገው ሰው ባይኖርም ላወጣው ነበር። ከአጥሩ ውጭ የማኪና ድምፅ ሰማሁ፤ አሁን ግን ሞተሩ ጠፋ። ዳኛው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በመቃብሮቹ መካከል መጣ። ቤት ሄዶ ነበር፤ አዛለች ነግራዋለች። የተተኮሰ ሱሪውን ሳይሳሳለት ከመቃብሩ ወዲያ ተንበረከከ።

“አያ አድማሴ፣ አንተ ዞር በል። እኔ ላውጣው” አለኝ።

አያ ሲለኝ ስንት ዓመቱ ነው። ጫማውን የገዛሁለት ልጅ፣ ደብተሩን በጉያው ይዞ ጋራዡ ደጅ የሚጠብቀኝ ልጅ ነው የተናገረው። ያንን ቃል ለዓመታት ስጠብቅ ኖሬ አሁን ሲመጣልኝ እንደ ምራቅ ፊቴ ላይ ያረፈ መሰለኝ። በሠርጉ ዕለት የት ነበረ? ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ አደራ በላ ሲለኝ የት ነበረ?

“በቀብሯ ዕለት አንድ እፍኝ ያላለበስካትን ዛሬ ልትገልጣት መጣህ?” አልኩት።

ባርኔጣውን ድንጋይ ላይ አኖረ፣ መልሶ አነሣው። “ብጠጋ ኖሮ አለቅስ ነበር” አለ። “ፈረንጁ ፊት ማልቀስ ፈራሁ።”

እውነቱን ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲዋሽ አውቀዋለሁ፤ ይህ ውሸት አልነበረም። ምናምን የማታህል ትንሽ ነገር ናት፤ ያችን ይዞ ነው የመጣው፤ ሌላ አልነበረውም። እኔም ሌላ ሰው ብሆን ኖሮ ትበቃኝ ነበር። ሦስተኛውን ድንጋይ አንሥቼ ቦታው መለስኩት። ሁለተኛውን መለስኩ። ሲወጡ የቀለሉት ሲመለሱ ከበዱ። ዳኛው እጁን ወደ ድንጋዩ ዘረጋ፤ ዶማውን በመካከላችን አጋደምኩት፤ እጁን ሰበሰበ።

“ሰፈሩስ?” አለኝ።

“ሰፈሩ እንደለመደው ይጠጣ” አልኩት።

ይህን ሁሉ ጊዜ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ የልጄን ዕረፍት ላለመንካት ብዬ ነው ስል ኖሬያለሁ። ሰውም ያምነኛል፤ አባት ነውና ብሎ። እኔ ግን ዳኛው ሳይመጣ ስንት ድንጋይ እንዳነሣሁ አውቃለሁ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ፈረንጁ ፊት ቆሜ የለም አልኩ። ዳኛው በአንዲት ቃል ተረጎመው። ካሚዮኑ ብረቱን እንደጫነ እያቃሰተ ወደ ሹማምንቱ ሰፈር ወረደ፤ አያ ክንዴ አቧራው እስኪጠፋ ቆሞ አየውና ወደ ቤቱ ገባ። የመጨረሻ ሥራዬ ከረጢቶቹን ወደ ጉድጓዱ ገልብጬ አፉን በብረት ክዳን መዝጋት ሆነ። ከሰማንያ አራት ጀመርኩ፤ ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ፣ ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወደታች። ስድሳ አራት ላይ ስደርስ ቆምኩ። አራቱን ከረጢት ቀይ ጭቃ አንድ ባንድ ገለበጥኩት፤ ሸጋዬ በእግሯ ያቦካችው ጭቃ ድፍርሱ ውሃ ላይ ጥቂት ተንሳፈፈ፤ ከዚያ ጭዱ ብቻ ቀረ። የቀሩትንም ገለበጥኩና ክዳኑን ገጠምኩበት።

አዛለች ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። አገኘኸው ወይ አላለችኝም። እጆቼን አየች፤ ያዘችና ገልበጥ አድርጋ ጥፍሮቼን አየች። የመቃብር አፈር አልነበረባቸውም። ዳኛው መጥቶ ነበር ልላት አልኩና ተውኩት። ገብታ ቅሉን አመጣች፤ ከቀብር የተመለሰን ሰው እንደሚያስታጥቡት ከደጃፉ አቁማኝ በቤታችን የቀረችውን ውሃ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ በንጹሕ እጆቼ ላይ አፈሰሰችልኝ። ከዚያ ቅሉን ደፋችና እንስራዋን አዝላ፣ ፀሐይ እየጠለቀች፣ ወደ አንገረብ ወረደች።